ግራ ዞር ቀንድ አውጣዎች

ከመጋረጃው ወዲያ አባቷና አጎቷ ሲከራከሩ የሰማችው ልጅ ሳለች ነው። ክርክሩ ስለ እሷ ነበር። አንደኛው፣ «የተማረ ሰው ለወገኑ ካልጠቀመ ምን ሊፈይድ ተማረ?» ሲል ሌላው፣ «ተዋት እባክህ፤ ሳይጠቅም የሚያምር ስንት ነገር ፈጥሯል እግዜር» አለ። ከዚያ ሳቁ። የትኛው የትኛውን እንዳለ ግን ዛሬም አይጠራላትም። አንዳንዴ ሁለቱንም የተናገረው አባቷ ይመስላታል።

አድጋ ተመራማሪ ሆነች፤ ያውም የቀንድ አውጣ። የቀንድ አውጣ ዛጎል ባብዛኛው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ አልፎ አልፎ ግን ወደ ግራ የዞረ ይወለዳል። ለምን? ዕድሜዋን የበላው ጥያቄ ይኸው ነው። ከአንዲት ግራ ዞር እናት ያራባቻቸው ዘሮች በምርምር ተቋሙ ጓዳ፣ በመስታወት ብልቃጦች ተደርድረው ይኖራሉ። ባልደረቦቿ «ቀንድ አውጣዋ» ይሏታል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ደግሞ፣ «አንቺ፣ ዘንድሮስ ወዴት ዞሩ?» እያለች ትቀልድባት ነበር። ይህ እንግዲህ የእህቷ ልጅ ሳትሞት በፊት ነው።

ልጅቷ ያለቀችው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሆዷን አመማት፤ ቀጥሎ ትምህርቱ አልገባ አላት፤ በመጨረሻ ያንዘፈዝፋት ጀመር። ሐኪሞቹ ከደሟ የእርሳስ ማዕድን መርዝ ያገኙት ከረፈደ ነው። ከውሃ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ የሰፈሩ ቧንቧ ያረጀ ነውና።

ከቀብሩ በኋላ እህትየው ረግጣው ወደማታውቀው ተቋም መጣች።

«እነዚህ ናቸው?» አለች ብልቃጦቹን እያየች። «ለእነዚህ ብለሽ ነው ሠርጌ ላይ ዘግይተሽ የመጣሽው?»

«የሚፈለፈሉበት ቀን ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«እሱንስ ነግረሽኛል።» ፈገግ ልትል ቃጥቷት ተወችው። በመስኮቱ፣ አሸንዳው ሥር ወደ ቆመው በርሜል አመለከተች። «ይኼስ?»

«የዝናብ ውሃ ነው። ለእነሱ።»

«ቧንቧ እያለላችሁ?»

«የቧንቧው አልተስማማቸውም። ሞቱብኝ። ቀየርኩላቸው።»

«መቼ?»

«ልጅሽ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ።»

የተናገረችውን እሷም የሰማችው ከአፏ ሲወጣ ነው። ተቋሙና የእህቷ ቤት ውሃ የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው። በሙያዋ ልማድ ከጥያቄው ውጭ የሆነ ነገር ሥራ እንዳያበላሽ ይወገዳል እንጂ አይመረመርም፤ የእሷ ጥያቄ ደግሞ ስለ ዛጎል እንጂ ስለ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ በርሜሉን አስቆመች፣ የቀሩት ሲተርፉላት እግዜርን አመሰገነች፣ ሥራዋን ቀጠለች። እህቷ ቤት ስትሄድም ከዚያው ቧንቧ የተቀዳውን ከልጅቷ ጋር ጠጥታለች።

እህቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«አላወቅሁም፣ እትዬ።»

«እንዳላወቅሽማ አውቃለሁ። ብታውቂ ኖሮ እጠላሽ ነበር፤ እሱም ይቀለኝ ነበር።»

እህትየው ወደ ብልቃጦቹ ዞረች።

«የከተማው ውሃ ክፍል መመርመሪያ መሣሪያችን ተበላሽቷል፣ ታገሡ ይላል» አለች። «የየትኛው ቤት ቧንቧ እንደተመረዘ የሚያውቅ የለም። የጎረቤቶቼ ልጆች እየጠጡ ነው። እነዚህ በዚያ ውሃ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?»

«ሳምንት ቢሞላቸው ነው።»

«እንግዲያው በየቤቱ አንዳንድ ብልቃጥ ይቀመጥ። ሰው የተነገረውን ቢጠራጠር ዓይኑ እያየ የሞተውን ያምናል።»

«ሌላ የለኝም። እነሱ ካለቁ ዘሩ አለቀ። ደግሞ ልደርስበት ነው። የሰው ልብ ለምን በግራ በኩል እንደሆነ ያስረዳን ይሆናል፤ አንድ ቀን ለበሽተኛም...»

«ለበሽተኛ ብለሽ ነው የጀመርሽው?»

«አይደለም» አለች። «ስለሚያምሩ ነው።»

«እንዲህ እውነቱን ንገሪኝ።»

ተመራማሪዋ አንዱን ብልቃጥ አነሳች። ቀንድ አውጣው ቀንዶቹን አውጥቶ መስታወቱን ይዳብሳል። ባትወዳቸው ኖሮ በውሃው መሞታቸውን ማንም አያይም ነበር። ከመጀመሪያው ስለ ሰው ውሃ ጠይቂ ተብላ ቢሆን ደግሞ ልጅቷ ትኖር ይሆናል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ልጅቷን አይመልስም። በልቧ ጸለየች። ምን ብላ እንደምትለምን ግን ጠፋት።

«ጥቂት ላስቀር?» አለች በመጨረሻ።

«የማንን ቤት ልዝለል ታዲያ?»

ብልቃጡን ከቦታው መለሰችው። በማግስቱ ብልቃጦቹን በሙሉ ልታወጣ፣ በየደጁ እያንኳኳች ከየቤቱ ቧንቧ ውሃ ልትሞላላቸው፣ ከበርሜሉ ጀምሮ የሆነውን ለየእናቱ በራሷ አፍ ልትናገር ተስማማች። እህቷ ከእኔ ቤት ጀምሪ አለቻት። እሱንም እሺ አለች።