ዋጋ ያልወጣለት ውሃ

ኸሊዳ የኒውክሌር ኃይል ያዋጣል አያዋጣም ብላ የምታሰላ አማካሪ ናት። አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ወሎዬው አባቷ ረድዋን ስለ ሥራዋ ሲጠየቁ፣ «የመብራት ነገር ነው» ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ።

ወደ ሰመራ ስትሄድ መኪናው አዳይቱ ላይ ቆመ። ከአባቷ ሱቅ ስኳር ይገዙ የነበሩት አፋሩ ሽማግሌ ሙሐመድሰዒድ አወቋት።

«የረድዋን ልጅ፣ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ይህ የአፋሮች የወሬ ልውውጥ፣ ዳጉ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያውቀውን ሳይደብቅ ይናገራል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም፣ አይነገረውም። ኸሊዳ ይህን ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው።

ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ጥናት ግን የማይነገር ነገር ይዟል። ሊሠራ የታሰበውን የኒውክሌር ማመንጫ ለማቀዝቀዝ የአዋሽ ወንዝ በበጋ ስለማይበቃ ውሃው ከላይ ይያዛል፤ ከብቱ በበጋ የሚወርድበት፣ የወንዙ መጨረሻ አፋምቦ የሚደርሰው ጭላጭ ነው። በሒሳቡ ውስጥ ከብት የሚጠጣው ውሃ ዋጋው ዜሮ ነው። አለቃዋ ብዙነህ፣ «እስኪገለጽ ትንፍሽ እንዳትይ» ብሏታል።

«ሰላም ነው አባባ። ምንም አዲስ ነገር የለም።»

«አልሐምዱሊላህ። የውሃው ነገር አሳስቦን ነበር። እንግዲህ ልጆቼ ከብቱን ይዘው አፋምቦ ይውረዱ። አንቺ ካልሽ እውነት ነው።»

ክረምቱ ሳይወጣ ዕቅዱ ተገለጸ፤ ሕዝቡም ሰመራ አዳራሽ ለውይይት ተጠራ። ጥናቱ ውስጥ የወንዙ ሰዎች ከተቃወሙ ለውሃው ዋጋ ይወጣለታል የሚል አንቀጽ ነበር፤ ዋጋ ከወጣለት ዕቅዱ አያዋጣም። አንቀጹን ያስገባችው ኸሊዳ ናት። ኅሊናዋን ያስተኛችበት ትራስ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ከፊት ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ብዙነህ ደጋግሞ ጠየቀ። ኸሊዳ ከመድረክ ወርዳ ሙሐመድሰዒድ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ይናገሩ። ውሃው የእኛ ነው ይበሉ። ይጻፋል፤ ሒሳቡ ይፈርሳል።»

«የሚጽፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አንቺ» አሉ፤ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እንደ ጠጠር አገላበጡት። «ሰላም ነው፣ ልጄ። ምንም አዲስ ነገር የለም።»

ዱላቸውን አንስተው ወጡ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

«ጨዋ ሕዝብ ነው» አለ ብዙነህ እያዛጋ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞ አልቀረበም በዪ።»

«ተቃውመዋል እኮ።»

«ማን ተናገረ? ስም ጥሪልኝ።»

እነዚያን ሰዎች ዝም ያሰኘቻቸው ራሷ ናት፤ ይህን ለብዙነህ ብትነግረው ይስቅ ነበር እንጂ ምን ሊረባት። ጻፈች።

ወደ አዋሽ ስትመለስ መኪናው እንደገና አዳይቱ ቆመ። አንድ እረኛ ጠጋ ብሎ ተሳፋሪዎቹን በየተራ ምን አያችሁ፣ ምን ሰማችሁ ይላል። ከአጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀ፤ ከኋላዋ ያለውን ጠየቀ። እሷ ጋ ሲደርስ አየት አደረጋትና አለፋት። ከዚህ ቀደም አይቷት አያውቅም፤ የእሷ ወሬ ግን ቀድሟት ደርሷል።