የቂብላው መስኮት

መምህር ይትባረክ ቡታጅራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ንድፍ አስተምሮ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በስሙ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንጨትና ከሸምበቆ የሠራው የመስቃን ጎጆ ቤት ሞዴል። ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ዛሬ ያ ሞዴል አዳራሽ ውስጥ ለዕይታ ቀርቧል። ታብሌት ሲያነጣጥሩበት፣ ስክሪኑ ላይ የእውነተኛ ቤት ቁመት ይዞ ወለሉ መሃል ይቆማል። ታብሌቱን ይዞ የተራመደ ሰው በበሩ ይገባል፣ ምሰሶውን ይዞራል። ሞዴሉን ወደ ስክሪን የማምጣቱን ሥራ የመራችው ከወልቂጤ የመጣች ቤዛ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ናት። ይትባረክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል፤ ደክሞታል፣ ቶሎ ቢያልቅ ደስ ባለው።

«ይህ መስኮት» አለች ቤዛ፣ «ወደ ቂብላ የተከፈተ ነው። የሶላትን አቅጣጫ ለማመልከት ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።»

ይትባረክ ክው አለ። መስኮቱን የቀደደው እሱ ራሱ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የሞዴሉ ውስጥ ጨልሞ ሥራውን የሚመዝኑት ገምጋሚዎች ምንም እንዳያዩ ፈርቶ ነበር። ቂብላ በየት በኩል እንደሆነም አያውቅም ነበር። ዝም አይነቅዝም ብሎ ተወው፤ ነቀዝ ያልነካው ዝምታ ግን አድሮ ጥናት ሆኖ መጣ።

ለሞዴሉ የለካው የአንድ ገበሬ የጋሽ ጀማሉን ቤት ነበር። ጎጆው ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ከተተካ ቆይቷል፤ አሁን የሚመሰክር ቢኖር ሽማግሌው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ተጋብዘው ከገጠር በጋሪ መጥተዋል። «መስኮት አልነበረኝም» ካሉ የይትባረክ ስም እዚያው ያበቃል።

ጀማሉ ታብሌቱን ተቀበሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ገቡ። መስኮቱ ፊት ለፊት ብዙ ቆዩ።

«ወላሂ፣ መስኮቱን ረስቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቱን ከአባቴ ጋር ነው የሠራሁት። አርባ ዓመት እዚች ግድግዳ ፊት ሰግጃለሁ። ልጄ ሰልሚያ የልጆቿን ስም ታምታታለህ ስትለኝ እቆጣት ነበር። እውነቷን ነው፣ ጭንቅላቴ ሄዷል። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ ሰልሚያ።»

ይትባረክ ዳነ። አንድ ወር ዝም ቢል በቂ ነው። ሽማግሌው ግን ታብሌቱን ሲመልሱ ዓይናቸው ፈርቷል። ይትባረክ አፈረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ።

«አልረሱም፣ ጋሽ ጀማሉ። ቤትዎ መስኮት አልነበረውም። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ጨለማ ነው እንዳይባል ብዬ ነው።»

ቤዛ የጻፈችውን ማብራሪያ አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«ሌላስ ምን ጨምረዋል፣ መምህር?»

«ሌላ የለም።»

እንዳላመነችው ገባው። አልፈረደባትም።

ጀማሉ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነፈሱና አጠገቡ ተቀመጡ።

«መምህር» አሉት፣ «ቤቴን ስትለካ ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ከርመሃል። በልተሃል፣ ተኝተሃል፣ ከልጆቼ ጋር ስቀሃል። አንድ ቀን ጨለመኝ ብለህ ታውቃለህ?»

ይትባረክ ቢያስብ ቢያስብ እንዲያ ያለበትን ቀን አጣ።

«አላልኩም» አለ።