ባዶው ወንበር ሲናገር

ቴሳ ለትምህርት ጉብኝት ብራስልስ ድረስ የመጣችው የታመመ አባቷን ትታ ነው። ጨክና እንዳይመስላችሁ። አባቷ ዴል አሜሪካ፣ አዮዋ ባለው የአሳማ እርባታቸው ውስጥ ወድቆ ግማሽ አካሉ ከከዳው ወዲህ ንግግሩ ለማንም አይገባም፤ ያጉረመርማል፣ እንባው ይመጣል፣ በቃ። መሄጃዋ ሲደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችው። እጇን ጨብጦ ብዙ ተናገረ። አንዲት ቃል አልገባትም።

«ሂጂ ነው የሚልሽ» አለቻት እናቷ። ቴሳም እሺ ብላ ሄደች፤ ሆዷ ግን አላመነም።

ከዚያ ወዲህ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ከአንዱ የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ሰነበተች። ዛሬ ተራው የፓርላማው ነው። አባላቱ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ መምህርታቸው ዶክተር ሃልቨርሰን አዳራሹ ውስጥ እንዲቀመጡ አስፈቅዳላቸዋለች። አፉ የማያርፈው ኮልተን ወንበር ላይ ቆሞ፣ «ክቡራትና ክቡራን! እንደ ቤልጂጎች ድንች ጥብስ ላይ ማዮኔዝ ማፍሰስ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«አንተ ቀልደኛ፣ ውረድ ከዚያ!» አለችው መምህርቷ፣ እሷም እየሳቀች።

ቴሳ ፊቷ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀች። ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት የአስተርጓሚዎች ክፍሎች ጨለማ ናቸው። የሴት ድምፅ ግን ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «በረደኝ። እግሬ አይሰማኝም» አላት።

«እዚህ ውስጥ አንዲት ሴት በረደኝ ትላለች» ብላ ለአስጎብኚው ለሊቨን ነገረችው።

ሊቨን ሳቀ። «አስተርጓሚ ከሆነች የበረደው እሷን አይደለም። እነሱ ‹እሱ እንዲህ አለ› አይሉም፤ ተናጋሪው ‹እኔ› ካለ እነሱም ‹እኔ› ነው የሚሉት። ደግሞ ዛሬ ማንም የለም፣ አትቀልጂ!»

ታዲያ ተናጋሪው ማነው? ቴሳ ዞር ዞር ብላ አየች። ወይ ጉድ! ከኋላ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ፊት፣ የማይክሮፎኑ ቀይ መብራት በርቷል። ከሴትየዋም ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ የተኮላተፈ፣ ምራቁን እየዋጠ የሚያጉረመርም። ይህን ድምፅ ቤቷ ሳለች ስንት ወር በግድግዳ በኩል ሰምታዋለች። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

«ቴሲ» አለች ሴትየዋ። ቴሲ ብሎ የሚጠራት አባቷ ብቻ ነው። «የዚያን ቀን ልሂድ ወይስ ልቅር ስትዪኝ፣ እኔ ያልኩሽ...» አባቷ ቃሉ ጠፋው መሰል ማጉረምረሙ ተቋረጠ። ሴትየዋም አብራው ዝም አለች።

አባቱ እየጠራው አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ልጅ የት አለ? ቴሳ ፊቷ ያለውን ቁልፍ ተጫነችው። «አባዬ! እዚህ ነኝ! ምን ነበር ያልከኝ?»

የእሷ መብራት ቦግ አለ። የኋለኛው ጠፋ። ሴትየዋ የቴሳን ቃል ተቀብላ፣ በዚያው በአባቷ በተኮላተፈ አነጋገር መልሳ አጉረመረመች።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ?» አለ ኮልተን። ቀልዱ ጠፍቶበታል።

ሊቨን እየሮጠ መጣ። «ኧረ ዝጊው! እዚህ ሁለት ሰው እኩል አይናገርም። አንቺ ስታበሪ የሌላው ይዘጋል።»

ቴሳ ወዲያው አጠፋችው። የኋለኛው ወንበር መብራት ግን ተመልሶ አልበራም። «ዘጋሁት እኮ አባዬ፤ በል ተናገር፣ በሞቴ» እያለች በተዘጋው ማይክሮፎን ለመነች። ሁሉም ተሰብስቦ ያያታል፣ እሷ ግን ዓይኗን ከወንበሩ አልነቀለችም።

በማዳመጫው ውስጥ ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። አሁን የምትናገረው የራሷን ነው።

«ይቅርታ» አለች፣ «ተናጋሪው አዳራሹን ለቀው ወጥተዋል።»