ባዶ ዜሮ አይደለም

ሎሬታ ማግባኑዋ ኢሎኢሎ ከተባለው ትልቅ ከተማ አጠገብ ባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ በአደጋ መከላከያ ቢሮ ውስጥ የዳታቤዝ ሠራተኛ ነበረች። አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው በተባለበት ቀን ረፋዱ ላይ ባሕሩ ገና ፀጥ እንዳለ ነበር። ቢሮው ግን እንደተነካ የጉንዳን ቤት ይተራመሳል። ጀልባ ለመመደብ ከትንንሾቹ ደሴቶች የሚነሣው ሰው ብዛት መታወቅ ስላለበት፣ ሎሬታ የየደሴቱን ነዋሪ እንዲደምርላት ዳታቤዙን ጠየቀችው።

ድምሩ ወዲያው መጣ። የመልሱ ኮድ ዜሮ ነው፤ ሥራው ያለ ስሕተት ተጠናቋል ማለት ነው። ከዜሮው ቀጥሎ ለማስጠንቀቂያ ምልክት ከተተዉት ቦታዎች ሦስተኛው ላይ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል «ደብሊው» ጉብ ብላለች።

አብሯት የሚሠራው ወጣቱ ሮሙሎ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ አየ። እሱ እንደ ታላቅ እህቱ «ማናንግ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ እንደ ታናሽ ወንድሟ «ቶቶ» ትለዋለች።

«በቃ ማናንግ፣ ዜሮ ነው! ልውሰደው፤ ካፒቴኑ ወደብ ላይ እየጮኸ ነው።»

«ቆይ እንጂ ቶቶ፣ ደብሊዋን አላየሃትም?»

«እሷማ መች ጠፍታ ታውቃለች? ልክ እንደ አክስቴ ናት። ሳትጠራ መጥታ ታለቃቅሳለች እንጂ ክፋት የላትም።»

ሎሬታ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አላለፈም። ሥራ ያስተማሯት ሽማግሌ፣ በአክብሮት «ኖንግ» የምትላቸው ኪሪኖ ትዝ አሏት። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የእያንዳንዷን ምልክት ትርጉም በቃሏ ያስጠኗት እሳቸው ናቸው። «ዜሮው ‹ሠርቻለሁ› ይልሻል፤ ደብሊዋ ደግሞ ‹እንዴት እንደሠራሁ ጠይቂኝ› ትልሻለች» ይሏት ነበር። «ሁለተኛው ቦታ ላይ ካየሻት ጽሑፍ ተቆርጧል። ሦስተኛው ላይ ካየሻት፣ ስደምር ባዶ ነገር አግኝቼ ዘልዬዋለሁ ማለቷ ነው። ባዶ ደግሞ ዜሮ አይደለም፣ ልጄ። አናውቅም ማለት ነው።»

የነዋሪው ቁጥር ያልተሞላለት ደሴት ካለ እንዲያወጣላት ጠየቀች። አንድ ስም ብቻ ወጣ፤ ቢናላይ።

የሮሙሎ ፊት ተለዋወጠ። «ሕዝብ ቆጣሪዎቹ ማዕበል ከልክሏቸው ሳይወርዱ የተመለሱባት ናት! ማናንግ፣ እዚያ እኮ ሰው አለ። ዓሣ አጥማጆች ከነልጆቻቸው ሰፍረውባታል።»

ሎሬታ ስልክ እስክትደውል እንኳ አላስቻላትም፤ ወደ ወደቡ ሮጠች። ካፒቴን አዶልፎ ገመድ እየፈታ ነበር።

«ቢናላይ ቀርታለች፣ ካፒቴን!»

«ስንት ሰው?»

«አላውቅም።»

«የማታውቂውን ሰው በየትኛው ጀልባ ልጫነው?»

«ስለማላውቅ እኮ ነው ትልቁን ጀልባ ውሰድ የምልህ።»

ካፒቴኑ ማጅራቱን እያከከ ሰማዩን አየ። «ባዶዬን ብመለስ አለቃሽ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

«እቆማለሁ። ሂድልኝ ብቻ!»

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ማጓራት ጀመረ። ሎሬታ ዝናቡ እየመታት፣ ሮሙሎም ከጎኗ ቆሞ ጠበቁ። ትልቁ ጀልባ ብቅ ሲል አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ድስት የተሸከሙ ልጆች፣ የሚያዋጋውን አውራ ዶሮ ብብቱ ውስጥ የወሸቀ ጎረምሳ ተራ በተራ ወረዱ። ካፒቴኑ ገና ከሩቅ፣ «ትንሿን ይዤ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ለባሕር ትቼ ነበር የምመጣው!» አላት።

አንዲት አሮጊት ወደ ሎሬታ ቀረቡ። «ስማችን የትም አልተጻፈም፤ ማን ያስታውሰናል ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር» አሏት። ሎሬታ እንደ አገሩ ወግ እጃቸውን ይዛ ለምርቃት ግንባሯ ላይ አደረገች። «ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ» ብለው መረቋት።

አውሎ ነፋሱ ቢናላይ ላይ አንድም ጣሪያ አላስቀረም። ሰው ግን አልጎደለም።

እሑድ ዕለት ሎሬታ ማንጎ ይዛ ኖንግ ኪሪኖ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ጆሯቸው ደክሞ ነበርና ጮክ ብላ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«እርስዎ ባያስተምሩኝ ኖሮ በዜሮው ተደስቼ አልፈው ነበር። አመሰግናለሁ፣ ኖንግ።»

«ጡረታ ስወጣ ሰዓት ሰጡኝ፤ ጥሩ ሰዓት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ የነገርሽኝን ግን አያህልም።» ከዚያ ለማንጎው ቢላዋ ፍለጋ ብድግ አሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማንጎውን እስኪመሽ በሉ።