ከረጢት የያዘው ሰው

ትርንጎ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ አንድ ቀን አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የድንኳኑን ስፌት ስትቆጥር ነው የዋለችው። "ደንግጣ ነው፣ ይለቃታል" አሉ ጎረቤቶች። ምኑ ይለቃታል! አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ እሷ እንደዚያው። ትበላለች፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ትተኛለች፣ ስትነሳ የተኛች አይመስላትም። ሰው ሲያዝንላት እንኳ "እግዜር ይስጥልኝ" የምትለው ከሱቅ ሳሙና ገዝቶ እንደሚወጣ ሰው ነበር።

ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። ከሚሴ ውስጥ ሠዓሊ ከተባለ እሷ ናት። ሰኞ የባጃጅ ጀርባ ላይ "ማሻአላህ" ትጽፋለች፣ ማክሰኞ ለፀጉር ቤት የሹሩባ ዓይነት ትስላለች፣ የቀረውን ቀን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን መላእክት። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ከመሪጌታ ጥላዬ ነው። መሪጌታ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከሰው ተጣልተው ቅዱስ ሥዕል አይነኩም። ሥዕል ጸሎት ነው፣ ቂም ተይዞ ደግሞ አይጸለይም ባይ ናቸው። ሚስታቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሥራ በበዛ ሰሞን ሆነ ብለው ያኮርፋሉ። ሰውዬው ምን ያድርጉ! ብሩሻቸውን አስቀምጠው ጫማ ሊገዙላቸው ይወጡ ነበር።

ትርንጎ የምትኖረው በእማማ ሀዲጃ ግቢ ተከራይታ ነው። ባሏን የገደለው ባጃጅ ደግሞ የእማማ ሀዲጃ ልጅ የቶፊቅ ነው። ይመር ይባላል ባሏ፤ ስሙን ሰምቶ እስላም የሚመስለው ብዙ ነበር፣ ግን ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ውስጥ በስም ሃይማኖት ልለይ የሚል ሰው ይሳሳታል። ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመለሱ ባጃጁ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ቶፊቅ ክንዱ ተሰበረ፣ ይመር እዚያው ቀረ። ፍርድ ቤት ቶፊቅን በገደብ ለቀቀው። ከዚያ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ፣ አስታራቂው አበጋር ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ባረኩ። "ይቅር ብለሻል?" አሏት። "ይቅር ብያለሁ" አለች። ምን ገዷት!

ቤት ቀይሪ ያሏት ነበሩ። "ለምን?" አለቻቸው፤ የምሯን ነው። በየጠዋቱ ቶፊቅ አንገቱን ደፍቶ "አካም ቡልቴ፣ እታለም?" ይላታል፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። "ደህና" ትለዋለች። ከዚያ እሱ ወደ ባጃጁ፣ እሷ ወደ ቀለሟ። ሰውም "ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ትልቅ ልብ ነው የሰጣት!" እያለ ያደንቅ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብላ ጉብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ታድሳ ለንግሥ ስትዘጋጅ ቄስ ወልዴ መጡ። የነፍስ አባቷ ናቸው። ጌታ ሐሙስ ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የበላውን ማዕድ በሸራ ሥላ እንድታመጣ፣ እሱም ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ፈለጉ። የአባቷን ሕግ ያውቃሉና "ልጄ፣ ቂም የለብሽም?" ብለው ጠየቋት። ትርንጎ ወደ ውስጧ አየች። ንዴት የለም፣ ቅሬታ የለም፣ ምንም የለም። "የለብኝም አባቴ" አለች። አልዋሸችም፤ ባዶነቷ ሰላም መስሏት ነው።

ስድስት ሳምንት ሠራች። በአባቶች ሥርዓት ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። አሥራ አንዱን ሐዋርያት በሁለት በሁለት ዓይናቸው አስቀመጠቻቸው። ጌታን ሠራች። ድሮ የጌታን ፊት ስትጀምር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ጸጥ አለ፣ አጥር የምትቀባ ይመስል። ይሁዳን መጨረሻ አደረገችው፤ ከረጢቱን ጨብጦ፣ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ። እሱ በአንድ ጠዋት አለቀ። እንደዚያ ፈጥና ሠርታ አታውቅም፤ ይህም ቢሆን አልደነቃትም።

አርብ ጠዋት እማማ ሀዲጃ ሳህን ሙሉ ቅንጬ ይዘው ገቡ። "በጾምሽ ነው ብዬ ቅቤ አላስነካሁትም" አሉ። ሥዕል ማየት አይወዱም፤ እሷ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ነው። የዚያን ቀን ግን ሸራው የግድግዳውን ግማሽ ይዞ ተሰቅሏል፣ ወዴት ይሸሹ?

"እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?"

"ጌታና ደቀ መዛሙርቱ።"

"ነቢ ኢሳ? ዐለይሂ ሰላም" አሉና ፊታቸውን ሊመልሱ ሲሉ ቀጥ አሉ። ጠጋ አሉ። "ያ ረቢ! ይሄ ቶፊቅ አይደለም እንዴ?"

ትርንጎ ዞራ አየች። ቀና ያለው ግንባር፣ ቀጭኑ አፍንጫ፣ በልጅነቱ ውሻ ጫፉን የነከሰው ጆሮ። ቶፊቅ ነው። ቁርጥ ቶፊቅ።

"ወላሂ እሱ ነው! ልጄን ከነቢ ኢሳ ባልደረቦች ጋር ማዕድ ላይ አስቀመጥሽው?" እማማ ሀዲጃ ሳህኑን አስቀምጠው ትከሻዋን ይስሟት ጀመር፤ እንባቸው አንገቷን አረጠበው። "ይቅርታሽ ከአንጀትሽ ይሁን ከአፍሽ ስጠራጠር ነበር የኖርኩት፤ አላህ ይማረኝ። ቶፊቅ! ኮቱ! ቶሎ ና!"

ቶፊቅ ገባ፣ አየ። ከክርስቲያን ልጆች ጋር ያደገ፣ አብሯቸው የተማረ ነው፤ ከረጢት የያዘውን ሰውዬ አሳምሮ ያውቀዋል።

"አየኸው?" አሉ እናቱ።

"አየሁት እማዬ። አምሮብኛል።"

እማማ ሀዲጃ ለጎረቤቶቹ ለነሰብሪና ካልነገርኩ ብለው ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ ወጡ። ሁለቱ ቀሩ። እሁድ ንግሥ ነው። ሸራው ከተለጠፈ በኋላ ያችን ጆሮ የማያውቅ ምዕመን የለም፤ ግማሹ በቶፊቅ ባጃጅ ነው የሚመላለሰው።

"አላወቅሁም" አለች ትርንጎ። "እጄ ነው። አጠፋዋለሁ፣ ሌላ ፊት እሠራበታለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

"ተይው እታለም፣ ይለጠፍ" አለ ቶፊቅ፤ ዓይኑን ከሸራው አላነሳም። "ይገባኛል። ለእማዬ ብቻ ሰውዬው ማን መሆኑን እንዳትነግሪያት።"

እንግዲህ ይህችን ባይናገር ኖሮ ነገሩ ባለበት ይቀር ነበር።

"ለምን ይገባሃል?"

ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ አንዱ የአላህ ቀድር ነው፣ ሌላው የእግዜር ፈቃድ ነው እያሉ ሸፍነው አልፈውታል፤ እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ።

"ለምን ይገባሃል አልኩህ!"

"ስልክ እያወራሁ ነበር" አለ። "ጋሽ ይመር 'ዝጋውና ንዳ' ብሎኝ ነበር። ሁለቴ ነገረኝ። እሺ እሺ እያልኩ አልዘጋሁትም።"

ዝጋውና ንዳ። ድምፁን ሰማችው፤ የይመርን ድምፅ፣ ያንን የአስተማሪ የሚመስል ድምፁን፣ ሁለቴ ተናግሮ ሦስተኛውን የሚተወውን። ስትሟገተው የኖረችው ድምፅ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ቀን አልመጣላትም ነበር።

"ውጣልኝ!" አለች። "እጠላሃለሁ፣ ሰምተሃል? ዋርካው ሥር የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ይቅር አላልኩህም! ሁለት ጊዜ ነግሮህ! ደግሞ ይገባኛል ትለኛለህ? ማን አባቱ ነው አንተን ቅጣት መራጭ ያደረገው!" ቅንጬውን ከነሳህኑ ወረወረችበት። ጃኬቱ ላይ ተዘረገፈ። ቶፊቅ አልጠረገውም፣ እንደዚያው ሆኖ ወጣ።

ብሩሹን አነሳች፤ ያን ፊት ልታጠፋው ነው። እጇ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች፣ አልሆነም። ብታጠፋውስ? ሌሎቹን አሥራ አንዱን፣ ጌታንም ጭምር፣ የሣለችው በዚሁ እጅ አይደለም? ሸራውን አወረደች፣ ጠቀለለችው፣ በብብቷ ይዛ የጉብታውን ዳገት በእግሯ ወጣችው።

ቄስ ወልዴ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው ለንግሡ ድንኳን ያስተክላሉ። ሸራውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "መጣሽልን! በይ ማጣበቂያው ተዘጋጅቷል።"

"አይለጠፍም አባቴ። ቂም አለብኝ።"

"ምን?"

"ቶፊቅን ጠልቼዋለሁ። ይሁዳን በሱ መልክ ነው የሣልኩት። አላወቅሁም፤ ግን ሣልኩት።"

ቄሱ ተቆጡ፤ ይቆጡ እንጂ፣ ንግሡ ከነገ ወዲያ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ነው። "ሴትዮ! ያኔ ስጠይቅሽ የለብኝም አላልሽም? በእግዚአብሔር ሥራ ትቀልጃለሽ?"

"ያኔ ውስጤ ምንም አልነበረም አባቴ" አለች። "ይመር ራሱ አልነበረም።"

ይህን ብላ ሸራውን እንዳቀፈች ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች መሐል መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ቄስ ወልዴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠገቧ ቆሙ።