ተረኛዋ ጤነኛ

ዛሬም ያው ነው። በዲኤንኤ ንባቡ ግራፍ ላይ፣ አንድ ቀለም ብቻ ሊታይበት በሚገባው ቦታ፣ ሁለት ቀለሞች ተደራርበው ወጥተዋል። ሩዋይዳ ወንበሩን ትታ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ ቀረች። በዕጢ ናሙና ላይ ቢሆን ባልገረማት፤ ቀኑን ሙሉ የምትፈልገውም እሱኑ ነው። የወጣው ግን «ጤነኛ» የሚል በተጻፈበት ብልቃጥ ውስጥ ካለው ደም ነው።

በዚህ ላብራቶሪ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ወደ ካንሰር የሚለውጠው የዘረመል ስሕተት የሚታደነው የታማሚውን ዲኤንኤ ከጤነኛ ሰው ዲኤንኤ ጋር በማስተያየት ነው። ለጤነኛ ሰው ደግሞ ማስታወቂያ አይወጣም፤ ቁርሱን በልቶ የመጣና ክንዱን ያልሰሰተ ሠራተኛ ሁሉ ጤነኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ተረኛዋ ጤነኛ ሩዋይዳ ነበረች። ከናሙናዎቹም አንዱ የእናቷ የሃዋ ነው፤ ከአንገቷ የወጣውን ዕጢ በበረዶ ይዛ ያመጣችው ራሷ ሩዋይዳ ናት። በእናቷ ዕጢ ላይ እነዚያ ሁለት ቀለሞች እዚያው ቦታ ላይ አሉ።

ያኔ፣ ውጤቱ መጀመሪያ ሲወጣ፣ «ተቀላቅሎብኝ ነው» ብላ ነበር ለአለቃዋ። በሥራዋ እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጥፋተኛ መሆን አማራት። ዶክተር ተድላ አልተቆጧትም። ከእሷ አዲስ ደም ቀዱ፣ ከራሳቸውም አስቀዱ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ተሠራ። የእሳቸው ንጹሕ ወጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

«ከእናትሽ የወረስሽው ነው» አሉ አሁን፣ ከኋላዋ መጥተው። «አንቺን ነገውኑ ሐኪም ያይሻል። ልጅሽስ?»

«ሳሊሃ ገና ሕፃን ናት፣ ዶክተር።»

«ለዚህ እኮ ነው የምልሽ። ወርሳው ከሆነ ታይሮይዷ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ይወጣላታል። ደሟን አምጪ።»

የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ሩዋይዳ ይህን ለተለማማጅ ተማሪዎች ስንት ጊዜ አስረድታለች! ለካ ግማሽ ማለት እንዲህ ይከብዳል።

«ከታ፣ ከታ! ኮቱ!» እያለ መንገደኛውን በኦሮምኛ የሚጣራው ረዳት ወደ ቡራዩ ከታ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ አስገባት። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲማረር እሷ ግን ባልደረስኩ አለች።

ሃዋ ከትንሿ ሱቋ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ፍርፍር ታጎርሳለች። ጠባሳዋን በሻርፕ ሸፍናለች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ድምፅዋ ሻክሯል፤ ወሬዋ ግን አልቀነሰም።

«ባለአዮዲኑን ጨው አድርጌላታለሁ» አለች። «እኔን ለዚህ የዳረገኝ ያ ድሮ የበላነው ጨው ነው። እሷን አይነካትም፣ ኢንሻአላህ።»

ሩዋይዳ ቦርሳዋን ከፈተች። ለክትባት ነው ብላ ልትዋሽ መንገዱን ሙሉ ስትዘጋጅ ነው የመጣችው። መርፌውን ስታወጣ ግን ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አለ።

«እማ፣ ከጨው አይደለም።»

ሃዋ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። መርፌውን አየች፤ ቀጥላ የልጇን አንገት አየች።

«ከእኔ ነው?»

ሩዋይዳ ምን ትበል? እናቷ በዚህ ሱቅ ለፍታ ያስተማረቻት ትምህርት እናቷን ራሷን ጥፋተኛ ሊያደርግ ነው። አለቀሰች።

ሃዋ አላለቀሰችም። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን በባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

«ከእኔ ቅጂ። ለእሷ የሚበቃውን ያህል ከእኔ ቅጂ።»

«የአንቺ አይሆንም፣ እማ።»

«ለምን አይሆንም? ያው የእኔ አይደል?»

ሳሊሃ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን አየች። ሃዋ የተዘረጋውን ክንዷን ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም። ከዚያ ልጅቷን ወደ ጉያዋ ሳበች፣ ትንሿን ክንድ እንዳትንቀሳቀስ አጥብቃ ያዘችና የራሷን ፊት ወደ መደርደሪያው አዞረች።

«ቢስሚላህ በይና ውጊያት» አለች።