ሰማያዊው አምስት

ራይሳ ዴሚዲቭና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ስስ የብረት ቁጥሮች በወረንጦ እያነሳች ቁጥር አብርቶ በሚያሳይ አምፖል ሆድ ውስጥ ስትደረድር ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ስሟን ያነሳ የለም፤ ሽልማቱም ምስጋናውም ወደ አለቆቹ ሄደ። አሁን ግን የከተማው ሙዚየም በእሷ አምፖሎች የተሠራ የግድግዳ ሰዓት ሊሰቅል፣ ከሥሩም ስሟን ሊጽፍ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ከጡረታዋ አብልጣ ጠበቀቻት።

ችግሩ ኦሬስት ነው፣ የሙዚየሙ ኃላፊ። ከባንዲራቸው ቢጫና ሰማያዊ ሌላ ቀለም ያለም አይመስለው።

«ሰዓቱ ቢጫ፣ ደቂቃው ሰማያዊ ይሁን» አላት።

«ቢጫው እንደምንም ይሆናል። ሰማያዊው ግን አይሆንም፣ ልጄ። አምፖሉ የሚያበራው ብርቱካንማ ነው።»

«ሰማያዊ ማጣሪያ እንለጥፍበታለን፣ ራይሳ ዴሚዲቭና።»

«ማጣሪያ ያለውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ሾርባ ውስጥ ያልገባ ሥጋ በማንኪያ ብትቆፍር ይወጣልሃል?»

አፉን ለማስያዝ አንዱን አምፖል አብርታ ሰማያዊ ላስቲክ ለጠፈችበት። ድርግም አለ። ኦሬስት ሳቀና «ለእኔ ይተዉት» ብሎ አምፖሎቹን ሰብስቦ ሄደ።

በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ሰዓቱ 11:25 ይላል፤ 11 ቢጫ፣ 25 ጥርት ያለ ሰማያዊ። አዳራሹ አጨበጨበ። ራይሳም ለአፍታ «ተሳስቼ ነበር ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። ከዚያ ጠጋ ብላ አየች። አምስቱ አማረ፣ ከልክ በላይ አማረ። እነሱ ፋብሪካ አምስት ተሠርቶ አያውቅም፤ ሌላ ቅርጽ ላለማውጣት ሁለትን ገልብጠው ነበር የሚያስገቡት። ይሄኛው የለየለት አምስት ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ የተሸጎጠ የፕላስቲክ መብራት።

«የእኔዎቹ የት አሉ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምድር ቤት፣ ካርቶን ውስጥ። ኧረ ይተዉኝ፤ አምስትን ማን ያያል?»

ለምረቃው ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር የተጋበዙ አንድ እንግዳ አበባ ይዘው ወደ እሷ መጡ። «ራይሳ ዴሚዲቭና እርስዎ ነዎት? ይሄ ሁሉ የእጅዎ ሥራ ነው?»

ስሟ ነሐስ ላይ ተቀርጿል፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳይዛነፍ። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ጥያቄው በመጣ ቀን እውነቱ ምድር ቤት ወርዷል።

«አዎ፣ የእጄ ሥራ ነው» አለችና አበባውን ተቀበለች።